እንጆሪና የወፍ ቆሎ

ባለፈው ሴሚስተር ለማስተማር ልምምድ በወጣሁበት አንደኛ ደረጃ ት/ቤት ለሦስተኛ ክፍል ተማሪዎች ስለ ዱር ፍሬ አንድ ክፍለ ጊዜ አስተምሬ ነበር። የመረጥኩት ፍሬ እንጆሪ ነው። ትምህርቱን ከኋላ ወንበር ተቀምጠው የተከታተሉት አሠልጣኝ የክፍል አያያዜንና የሰሌዳ አጠቃቀሜን አመስግነው ጥሩ ማርክ ሰጥተውኛል። በማግስቱ ግን ከተማሪዎቼ አንዱ በዚያው ትምህርት የተነሣ ጤና ጣቢያ ገባ። ልጁ ድኗል፤ ዛሬ ደኅና ነው። ስሕተቱ የእኔ ስለነበረና በሚቀጥለው ዙር ለልምምድ የሚወጣ ሌላ ዕጩ መምህር እንዳይደግመው ስለፈለግሁ፣ ስለ እንጆሪ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀውን፣ ከዚያም ወዲህ ጠይቄና አንብቤ የተረዳሁትን በዚህ ጽሑፍ አቅርቤአለሁ።

እንጆሪ የምንለው የቱን ነው?

በመጀመሪያ በስሙ መግባባት ያስፈልጋል። ዛሬ በከተማ «እንጆሪ» ሲባል ለብዙ ሰው ባንዴ የሚታየው በጭማቂ ቤትና በኬክ ላይ የሚቀርበው፣ ልብ የመሰለው፣ ዘሩ እንደ ሰሊጥ በላዩ ላይ የተነሰነሰበት ቀይ ፍሬ ነው። እሱ ስትሮቤሪ ነው። ስትሮቤሪ መሬት ለመሬት የሚሄድ፣ እሾህ የሌለው ተክል ሲሆን ዛሬ የሚለማው ትልልቁ ዓይነት ሁለት የአሜሪካ ዝርያዎች አውሮፓ ውስጥ ተዳቅለው በ18ኛው መቶ ዘመን የተገኘ ነው። ደገኛው እንጆሪ የሚለው ግን ሌላ ነው።

እኔ ተወልጄ ያደግሁት በሰሜን ሸዋ፣ ከደብረ ሲና በላይ፣ በወፍ ዋሻ ደን ጠርዝ ነው። እዚያ እንጆሪ ማለት በደን ዳርቻ፣ በጅረት አፋፍ፣ በድንጋይ ካብና በእርሻ ድንበር ላይ እንደ ሐረግ እየተንጠላጠለ የሚያድግ እሾሃም ቁጥቋጦ ነው። ፍሬው መጀመሪያ አረንጓዴ፣ ቀጥሎ ቀይ ሆኖ፣ ሲበስል ጥቁር ወይም የጠቆረ ወይን ጠጅ ይሆናል። አፋችንንና ጣታችንን ስለሚያቀልመው ከብት ስንጠብቅ ማሳ ውስጥ አግብተን እኛ እንጆሪ ስንለቅም እንደነበር እቤት የሚታወቀው በከንፈራችን ነበር። በዚህ የተነሣ ስንት ጊዜ እንደተገረፍኩ እኔ ነኝ የማውቀው። አዋቂ ሰው ቆሞ እንጆሪ ሲለቅም ማየት ያሳፍር ነበር፤ የእረኛ ምግብ ነዋ! በኦሮምኛ ጎራ ይባላል።

በዕፅዋት ሳይንስ ወገኑ ሩቡስ ተብሎ ይታወቃል። በአገራችን ደጋ ከሚገኙት ዝርያዎች መካከል ሩቡስ ስቶይድነሪና ሩቡስ አፔታሉስ ይጠቀሳሉ። የመጀመሪያው ስያሜውን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1861 ወደ አገራችን መጥቶ ዕፅዋት ይሰበስብ ከነበረው ጀርመናዊ ተመራማሪ ከሄርማን ስቶይድነር ነው። ሰውየው በ1863 ዛሬ ደቡብ ሱዳን በሚባለው ምድር ሞቶ ቀረ። ሁለተኛው ስም «የአበባ ቅጠል የሌለው» እንደ ማለት ነው፤ እንደ ስሙም አበባው ብዙ ጊዜ ያ ባለቀለም ቅጠል የለውም።

ወገኑ የሚመደበው ከጽጌረዳ ቤተሰብ ነው። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ቀጋ፣ ፖም፣ ኮክ፣ ከላይ የጠቀስነው ስትሮቤሪ፣ ይግረማችሁና ኮሶም አሉበት። ይህን ለአያቴ ብነግራቸው «ኮሶና እንጆሪ? መራራና ጣፋጭ ካንድ ቤት ይወጣል እንዴ?» ብለው ሳቁብኝ። ሆኖም አንድ ቤተሰብ ናቸው። ለክፍል ትምህርት እንዲህ ያለ ነገር ጥሩ መነሻ ይሆናል፤ ምክንያቱም ዝምድና የሚታወቀው በአፍ ጣዕም ሳይሆን በአበባ አሠራር መሆኑን ለማስረዳት ያመቻል።

የእንጆሪ ፍሬ አሠራርም ልብ ሊባል ይገባዋል። በአንዱ አበባ መካከል ብዙ ጥቃቅን የሴቴ ክፍሎች አሉ። እያንዳንዳቸው አንዳንድ ውሃማ እንክብል ያፈራሉ፤ በእያንዳንዱም እንክብል ውስጥ አንድ ጠንካራ ዘር ይገኛል። እንክብሎቹ ጎን ለጎን ተጣብቀው ስለሚያድጉ አንድ ፍሬ መስለው ይታያሉ። ስለዚህ በጥርሳችን መካከል እየገባች የምታስቸግረን ያቺ ዘር አንዷ ብቻ አይደለችም፤ በአንድ ጉርሻ ብዙ ፍሬ ነው የምንበላው። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ በኋላ ልጅን ከመርዝ የሚለየው ይኸው ነው።

በክፍሌ የሆነው

ለልምምድ የተመደብኩበት ከተማ ከእኛ አገር በጣም ዝቅ ያለ፣ ወይና ደጋ ነው። እንጆሪ በአካባቢው አይታይም። ይህን አስቀድሜ መጠየቅ ሲገባኝ አልጠየቅኩም፤ የማውቀውን ፍሬ ሁሉም ሰው የሚያውቀው መሰለኝ። የመርጃ መሣሪያም አላዘጋጀሁም። በጠመኔ ሥዕል ሣልኩና ከሥሩ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ እንጆሪ ቁጥቋጦ ነው። እሾህ አለው። ፍሬው ትናንሽ ኳሶች የተሰበሰቡበት ነው። ሲበስል ጥቁር ይሆናል። ይበላል። ተማሪዎቹ ጮክ ብለው ደገሙት፣ በደብተራቸው ገለበጡት። ሰዓቱ ሲያልቅ «በሠፈራችሁ ካገኛችሁ ነገ አንዳንድ ፍሬ ይዛችሁ ኑ» አልኳቸው።

በማግስቱ ጠዋት አንዱ ተማሪ ጭብጡን ሞልቶ መጣ። እጁን ሲከፍት ያየሁት እንጆሪ ሳይሆን የወፍ ቆሎ ነበር፤ ከጎረቤት አጥር ላይ የለቀመው። «ከዚህ በልተሃል?» ብለው «አዎ ጋሼ፣ መንገድ ላይ ጥቁሩም አረንጓዴውም ጨረስኩት» አለኝ። ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ሳያልቅ ያስመልሰው ጀመር፤ ሆዱን ይዞ ከወንበር ላይ ወረደ። ርዕሰ መምህሩና እኔ ተሸክመን ጤና ጣቢያ አደረስነው። እስከ ማታ ከተኛ በኋላ ተሻለው። እናቱ ሲመጡ አልተቆጡኝም፤ እንዲያው ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «መምህር፣ እርስዎ ይበላል ስላሉት እኮ ነው የበላው» አሉ፤ ሌላ ምንም አልተናገሩም።

ማታ ደብተሬን አውጥቼ አምስቱን ዓረፍተ ነገሮች አንድ በአንድ አየኋቸው። የወፍ ቆሎ ቁጥቋጦ ነው። እሾህ አለው። ፍሬው ትናንሽ ኳሶች የተሰበሰቡበት ነው። ሲበስል ጥቁር ይሆናል። አራቱ በትክክል ይገልጹታል! ልጁ የተማረውን አልሳተም፤ እኔ ያስተማርኩት ነው ሁለት ተክል የሚገልጸው። ማርክ የተሰጠኝም ለዚሁ ትምህርት ነው፤ ወቀሳ አይደለም፣ እኔም ብሆን ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ስሕተቱን አላየውም ነበር።

የወፍ ቆሎ፣ በሳይንስ ስሙ ላንታና ካማራ፣ መገኛው የአሜሪካ ሞቃት ክፍል ሲሆን ለጌጥና ለአጥር ተብሎ በዓለም የተሰራጨ፣ ዛሬ በብዙ አገር አስቸጋሪ አረም የሆነ ተክል ነው። ቅጠሉን የበሉ ከብቶች ጉበታቸው ይጎዳል፤ ፀሐይ ሲነካቸውም ቆዳቸው ይቆስላል። ለሰው በተለይ የሚያሠጋው ያልበሰለው አረንጓዴ ፍሬ ነው፤ ልጆችን ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል፣ ያደክማል፣ ከበዛም ለሕይወት ያሠጋል።

ታዲያ ሁለቱ በምን ይለያሉ? ዋናው ምልክት ቅጠሉ ነው፤ ፍሬ ባይኖርም ቅጠል ሁልጊዜ አለና። የእንጆሪ ቅጠል አንድ ወጥ አይደለም፤ በአንድ አገዳ ላይ ሦስት፣ አምስት ወይም ሰባት ሆነው የተሰደሩ ቅጠሎች አሉት፤ ዳራቸውም እንደ መጋዝ ነው። የወፍ ቆሎ ቅጠል ግን ነጠላ ሆኖ ሁለት ሁለቱ ፊት ለፊት ይበቅላል፤ ሲዳሰስ ይሻክራል፤ በጣት ቢያሹት ኃይለኛ ሽታ አለው። ግንዱ ሲዳሰስ አራት ማዕዘን ነው። አበባውንም አይቶ የሚሳሳት የለም፦ ጥቃቅን አበቦች በአንድ እቅፍ ተሰብስበው፣ ዳር ዳሩ ቀይ ወይም ሮዝ፣ መካከሉ ቢጫ ሆኖ ይታያል።

ፍሬውን በተመለከተ፣ ቅድም ያዙልኝ ያልኩት ነጥብ እዚህ ላይ ይሠራል። የእንጆሪ እንክብሎች ከአንድ አበባ የወጡ ስለሆኑ እርስ በርስ ተጣብቀዋል፤ ሲቀጠፉ ተያይዘው ይመጣሉ። የወፍ ቆሎ ኳሶች ግን እያንዳንዳቸው ከየራሳቸው አበባ የወጡ የተለያዩ ፍሬዎች ናቸው፤ ለስላሳና የሚያብረቀርቁ ሆነው፣ በጣት ሲነኩ አንድ አንድ እያሉ ይረግፋሉ። በተጨማሪም የእንጆሪ እሾህ እንደ ድመት ጥፍር ቆልመም ያለ ነው፤ ልብስ ከያዘ አይለቅም። ግን በእሾህ ብቻ መተማመን አይገባም። እምቧይም እሾህ አለው፤ ፍሬው ግን መርዝ ነው።

ስለ እንዶድም አንድ ቃል ልበል። ፍሬው በረጅም ዘለላ የሚንጠለጠል ስለሆነና እሾህ ስለሌለው ከእንጆሪ ጋር አይምታታም፤ ነገር ግን ሲቀላ ልጆችን ይስባል። እናቶቻችን ልብስ የሚያጥቡበት፣ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ የቢልሃርዚያን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያስተዋሉት ይኸው ፍሬ ነው። ቀንድ አውጣ የሚገድል ነገር ለልጅ ሆድም አይሆንም።

ልጅ ያልታወቀ ፍሬ በልቶ ከተገኘ በአፉ የቀረውን ማስተፋት፣ አፉን በውሃ ማጉመጥመጥ፣ ከበላው ተክል ቅጠልና ፍሬ ቀጥፎ ይዞ በቶሎ ጤና ጣቢያ ማድረስ ነው። ጣት ጉሮሮ ውስጥ ከቶ ማስመለስ፣ ወይም ዘይትና ሌላ ነገር ማጠጣት አይገባም። እኛ ቅጠሉን ይዘን ባንሄድ ኖሮ የጤና ባለሙያዋ ምን እንደበላ ለማወቅ ይቸገሩ ነበር።

አለቃቀሙና አጠቃቀሙ

ይህ ሁሉ ሲነገር አንዳንዱ «እንግዲያው ልጆችን ከዱር ፍሬ ማራቅ ነው» ይል ይሆናል። እኔ በዚህ አልስማማም። የደጋ ልጅ መምህሩ ከለከለ ብሎ እንጆሪ መብላቱን አይተውም፤ እኔም አልተውኩም። ደግሞም ጠቃሚ ምግብ ነው። በውጭ አገር በሚለማው የዚህ ወገን ጥቁር ፍሬ ላይ እንደተለካው፣ 100 ግራም ፍሬ 20 ሚሊግራም ያህል ቫይታሚን ሲ እና 5 ግራም ያህል አሰር አለው። ቫይታሚን ሲ በሙቀት ስለሚቀንስ ጥሬውን መብላቱ ይመረጣል።

ለቀማው ጠዋት ጤዛው ከረገፈ በኋላ ቢሆን መልካም ነው። እርጥብ ሆኖ የተለቀመ ቶሎ ይሻግታል። የበሰለች እንጆሪ ገና ስትነካ እጅ ላይ ትወድቃለች፤ ከተሳበች አልደረሰችም ማለት ነው። ቀይዋን ቀጥፎ ቤት ወስዶ ትበስላለች ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው፤ እንደ ሙዝ አይደለችም፣ ከተቀጠፈች ወዲያ አትጣፍጥም። በአንድ ቁጥቋጦ ላይ አበባ፣ ቀይና ጥቁር ፍሬ ባንድ ጊዜ ስለሚገኝ በየሁለት ሦስት ቀኑ መመለስ ነው የሚሻለው። እኛ በጣሳ ነበር የምንለቅመው፤ ጣሳ ጥልቅ ስለሆነ ሥር ያለው ይጨፈለቃል። ሰፋ ያለ ዝቅተኛ ቅርጫት ይሻላል። ውሃ የሚነካው ሊበላ ሲል ብቻ ነው፤ ውስጡ ትል እንዳይኖር ትንሽ ጨው ባለበት ውሃ ጥቂት ደቂቃ ነክሮ ማለቅለቅ ይበቃል። ከመኪና መንገድ ዳርና ፀረ አረም ከተረጨ ማሳ አጠገብ አይለቀምም። ቁጥቋጦው የሰው አጥር ከሆነ ባለቤቱን መጠየቅ ተገቢ ነው፤ እኛ አንጠይቅም ነበር። ጫፍ ላይ ያለው ለወፍ ይቅር፤ ዘሩን ወዲያና ወዲህ የምታደርሰው እሷ ናት።

ፍሬው ከተለቀመ አንድ ሁለት ቀን ካለፈው ስለሚበላሽ ብዙ ከተገኘ ማርማላታ መሥራት ይቻላል። በእኛ አገር ልማድ አይደለም፤ እኔ የተማርኩት በዚህ ዓመት ነው። ለ1 ኪሎ ፍሬ 1 ኪሎ ስኳርና የአንድ ሎሚ ጭማቂ ያስፈልጋል። ካልበሰለው ቀይ ፍሬ ጥቂት መጨመር ይበጃል፤ ማርማላታን የሚያረጋው ፔክቲን የተባለው ንጥረ ነገር ባልበሰለው ውስጥ በርከት ስለሚል ነው። ፍሬውን ከጥቂት ውሃና ከሎሚው ጋር እስኪፈርስ ማብሰል፣ ከዚያ ስኳሩን ጨምሮ ሳያቋርጡ እያማሰሉ ማፍላት ነው። መድረሱን ለማወቅ በቀዝቃዛ ሳህን ላይ ጠብ አድርጎ በጣት ገፋ ማድረግ፤ ላዩ ከተሸበሸበ ደርሷል። ስኳሩ ከመሟሟቱ በፊት እሳት እንዳታበዙ፤ የመጀመሪያዬ ተቃጥሎ ድስቱን ለመፈግፈግ ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል። በፈላ ውሃ በተቀቀለ ጠርሙስ ገብቶ ከተከደነ ብዙ ወራት ይቆያል። የስኳሩን ዋጋ ላሰበ ግን ጥሬውን መብላት ነው።

ለክፍል ትምህርት ከሁሉ የበለጠ የሚጠቅመው ግን ቀለሙ ነው። ኬሚካል የሌለው ት/ቤት ስለ አሲድና ቤዝ በተግባር ለማሳየት አይችልም ሲባል እንሰማለን። አሥር ያህል የበሰሉ እንጆሪዎችን በውሃ ጨፍልቆ በንጹሕ ጨርቅ ማጥለልና በሦስት ብርጭቆ መክፈል ነው። አንዱ እንዳለ ይቀመጥ። በሁለተኛው ሎሚ ሲጨመቅበት ደማቅ ቀይ ይሆናል። በሦስተኛው የልብስ ሳሙና ውሃ ሲጨመር ወደ ሰማያዊ፣ ከበዛበትም ወደ አረንጓዴ ይለወጣል። አንቶስያኒን የተባለው የፍሬው ቀለም አሲድ ሲያገኝ አንድ፣ ቤዝ ሲያገኝ ሌላ መልክ ስለሚይዝ ነው። ተማሪዎች ያንን የሳሙና ብርጭቆ እንዳይቀምሱ መጠበቅ የመምህሩ ፈንታ ነው፤ ፍሬ ስለሆነ ይጠጣል ብለው ያስባሉና።

የልምምዱ ጊዜ ሳያልቅ ትምህርቱን እንደገና ለመስጠት ጠየቅሁና ተፈቀደልኝ። ቅዳሜና እሑድ አገሬ ሄጄ የእንጆሪ ቅርንጫፍ ከነፍሬው በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ በአውቶቡስ አመጣሁ፤ ጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ ነጠላቸውን ሁለት ጊዜ ያዘባቸው። ከት/ቤቱ በር አጠገብ ደግሞ የወፍ ቆሎ ቆረጥኩና ሁለቱን በሁለት ጣሳ ጠረጴዛ ላይ አቆምኳቸው። በሰሌዳ ላይ ምንም አልጻፍኩም። «ልዩነታቸውን ንገሩኝ» ብዬ በቡድን በቡድን አስጠጋኋቸው። ቅጠሉን ቆጠሩ፣ አሽተቱ፣ ግንዱን ዳሰሱ። እኔ ያላሰብኩትን ሳይቀር አገኙ፤ አንዲት ልጅ የእንጆሪው ቅጠል ከሥሩ ነጣ ያለ መሆኑን አሳየችኝ።

ታሞ የነበረው ልጅ መጨረሻ መጣ። ከወፍ ቆሎው ላይ በጣቱ ገፋ ሲያደርግ ኳሶቹ ጠረጴዛው ላይ ተበተኑ። ከእንጆሪው አንዷን ሲቀጥፍ ተያይዛ መጣችለት። ለክፍሉ ያስረዳው እሱ ነው፤ እኔ ዝም አልኩ። ከዚያ ታጥበው የተዘጋጁትን እንጆሪዎች በሳህን ሳዞር ሁሉም አነሱ፤ እሱ ግን አገላብጦ አየና «ጋሼ፣ መጀመሪያ እርስዎ ይብሉ» አለኝ። በላሁ። እሱም በላ።

የሁለቱን ተክሎች ቅጠልና ግንድ አድርቄ በካርቶን ላይ ጎን ለጎን ለጥፌአለሁ። በተቋማችን የትምህርት መርጃ መሣሪያዎች ክፍል ስለተቀመጠ በሚቀጥለው ዙር ለልምምድ የምትወጡ ሁሉ ፈርማችሁ ልትወስዱት ትችላላችሁ። የደረቀ ቅጠል ሽታው ስለሚጠፋ ግን የወፍ ቆሎውን በምትሄዱበት ቦታ ትኩሱን ጨምሩበት።